የደነዘ ቢላዋና የሲኒ መቀመጫ

በብዙዎቻችን ቤት ቢላዋ የሚሳለው በዓል ሲደርስ ብቻ ነው። በእንቁጣጣሽ፣ በገና ወይም በፋሲካ ዋዜማ ቢላ ሞራጁ በሰፈር ሲያልፍ ይጠራል፤ ካልመጣም ቢላዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ወደ ገበያ ይላካሉ። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው በዓል ድረስ ሽንኩርቱም፣ ጎመኑም፣ ሥጋውም የሚከተፈው ከቀን ወደ ቀን እየደነዘ በሚሄድ ስለት ነው። እኔ በቤቴ ይህን ልማድ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ቢላዎቼን የምስለው በወጥ ቤቴ ውስጥ በሚገኙ ነገሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሴራሚክ ኩባያ መቀመጫ ነው። ሥራው ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ጊዜውም ቡና እስኪፈላ ከሚወስደው የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ ሰው ለወራት በደነዘ ቢላዋ ሲታገል ማየት ስለሚያሳዝነኝ የማውቀውን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንኩ።

የደነዘ ቢላዋ ጉልበት ይጠይቃል፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ቲማቲም ወይም የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ሲጫኑት ስለቱ አልገባ ብሎ ይንሸራተታል፤ ያ ሁሉ ጉልበትም የሚያርፈው ሽንኩርቱን በያዘው እጅ ጣቶች ላይ ነው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት የከተፈ ሁሉ የሚያውቀው እንባም ከስለቱ ጋር ግንኙነት አለው። የሚያስለቅሰው ጋዝ የሚፈጠረው የሽንኩርቱ ሕዋሶች ሲፈርሱና ተለያይተው ተቀምጠው የነበሩት ኢንዛይምና ሰልፈር ያለበት ንጥረ ነገር ሲገናኙ ነው። ስል ቢላዋ በመንገዱ ላይ ያሉትን ሕዋሶች ብቻ ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ ደነዝ ቢላዋ ግን ዙሪያውን ሁሉ ስለሚጨፈልቅ ጋዙም ጭማቂውም ይበዛል። ዶሮን በ12 ብልት የሚያወጣ ሰውም መገጣጠሚያውን ፈልጎ ጅማቱን ብቻ መቁረጥ ይኖርበታል፤ ስለቱ እምቢ ሲለው አጥንት ወደ መስበር ይገባል፣ ስብርባሪውም ከወጡ ጋር ይቀርባል። በእርድ ጊዜ ደግሞ ጉዳዩ ከምግብ ጣዕም ያልፋል። እንስሳው እንዳይሠቃይ ቢላዋው አስቀድሞ መሳል እንዳለበት፣ የሚሳለውም እንስሳው ከሚያይበት ቦታ ውጭ መሆን እንዳለበት የእስልምና ሥርዓት ያዛል፤ እምነቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሚያርድ ሰው ሁሉ ሊይዘው የሚገባ ሥርዓት ይመስለኛል።

ቢላዋ የሚደነዝበት መንገድ ሁለት ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ ያቀላል። የመጀመሪያው መታጠፍ ነው። በየቤቱ ያለው የማይዝግ ብረት ቢላዋ ጥንካሬው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ በሚጠነክርበት በሮክዌል መለኪያ ከ54 እስከ 58 ባለው ውስጥ ስለሆነ፣ ማለትም ብዙም ጠንካራ ስላልሆነ፣ እጅግ ቀጭን የሆነው የስለቱ ጫፍ መክተፊያውን በመታ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይተኛል። ብረቱ አልጠፋም፤ አቅጣጫውን ብቻ ስቷል። ሁለተኛው መዶልዶም ነው፤ ጫፉ ተበልቶ ክብ ሆኗል ማለት ነው። የታጠፈውን ማቃናት ይበቃል፤ የዶለዶመው ግን ከሁለቱም ጎን ብረት ተፍቆለት አዲስ ጫፍ ሊወጣለት ይገባል።

የትኛው እንደደረሰበት ለማወቅ ቢላዋውን ስለቱን ወደ ላይ አድርገው በአምፖል ወይም በመስኮት ብርሃን ፊት ይያዙት። ስል የሆነ ጫፍ ብርሃን የሚመልስበት ስፋት ስለሌለው አይታይም። የዶለዶመ ስለት ግን ነጭ ክር መስሎ ያበራል፤ የተሸረፈ ቦታ ካለም እንደ ነጥብ ብልጭ ይላል። ስለቱ በብርሃን ፊት ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቢላዋው የማይቆርጥ ከሆነ፣ ምናልባት ታጥፎ ይሆናል።

አሁን ወደ መሳያው እንምጣ። አንድ ነገር ሌላውን መፋቅ የሚችለው ከእሱ የጠነከረ ሲሆን ነው፤ ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ መሳያ የለም። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ማዕድናትን ከ1 እስከ 10 በጥንካሬ ደረጃ ሲያስቀምጥ የተከተለው ይኸው አንዱ ሌላውን የመጫር ችሎታ ነበር። በዚያ መለኪያ የቢላዋ ብረት 6 አካባቢ ይገኛል። የገበታ ጨው ከ3 በታች ነው፤ ስለዚህ ቢላዋን በጨው ማሸት ቢያጸዳው እንጂ አይስለውም። የአሉሚኒየም ወረቀት ደጋግሞ መቁረጥ መቀስን ይስላል የሚለው ምክርም በዚሁ ምክንያት ብዙ አያስኬድም፤ አሉሚኒየም ከብረት እጅግ የለሰለሰ ነው። በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሴራሚክ ግን 7 አካባቢ ስለሚደርስ ብረትን በእርግጥ ይፍቃል።

የሴራሚክ ኩባያ፣ ሲኒ ወይም ሳህን ሲገለበጥ በመቀመጫው ዙሪያ ደብዘዝ ያለና ለጣት ሻካራ የሆነ ቀለበት ይታያል። ዕቃው በምድጃው ውስጥ ካረፈበት ነገር ጋር እንዳይጣበቅ ሲባል ያ ቦታ መስታወት መሰሉ ቅብ አይደርሰውም። መሳያችን ያ ቀለበት ነው። የተቀባው ክፍል ያንሸራትታል እንጂ አይፍቅም። ጀበና ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሸክላ ሥራዎቻችን የሚተኮሱት በእንጨትና በኩበት እሳት ስለሆነ ፖርሴሊን ከሚያስፈልገው ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት አይደርሱም፤ ቢላዋ ሲታሽባቸው የሚፋቀው ጀበናው ይሆናል። ሲኒም ቢሆን ቀለበቱ ጠባብ ስለሆነ ለትንሽ ቢላዋ እንጂ ለትልቅ አይመችም። እኔ የምመርጠው እጀታው ተሰብሮ ከአገልግሎት የወጣ የሻይ ኩባያ ነው። እንዲህ ያለ ኩባያ በየቤቱ አይጠፋም፤ ለዚህ ሥራ ተለይቶ ቢቀመጥ መልካም ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እርጥብ ፎጣ ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው ኩባያውን በአፉ ይድፉት፤ ፎጣው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። በቀለበቱ ላይ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥቡ፤ ውሃው የተፋቀውን ብረት ስለሚያነሳ ቀለበቱ ቶሎ አይደፈንም። ከዚያ በአንድ እጅ ኩባያውን ከቀለበቱ ዝቅ አድርገው ይያዙና፣ በሌላው እጅ ቢላዋውን ከእጀታው አጠገብ ካለው የስለቱ ክፍል ጀምረው እስከ ጫፉ ድረስ በቀለበቱ ላይ እየሳቡ ያሳልፉት። መጫን አያስፈልግም፤ የቢላዋው ክብደትና ጥቂት የእጅ ጉልበት ይበቃል። በአንዱ ጎን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ከሠሩ በኋላ ወደ ሌላው ይዞራሉ። በቀለበቱ ላይ ጥቁር ግራጫ መስመር ሲወጣ ብረት እየተፋቀ መሆኑን ያያሉ።

ብዙ ሰው ሞክሮ የሚተወው ግን እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም ውጤቱን የሚወስነው የኩባያው ዓይነት ሳይሆን ቢላዋው የሚያዝበት ማዕዘን ነው። ለተለመደው የወጥ ቤት ቢላዋ ተስማሚው በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ያህል ነው፤ ቀጭንና ጠንካራ ለሆኑት የጃፓን ቢላዎች ደግሞ ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል። ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም። የአንድ ወረቀት ጥግ 90 ዲግሪ ነው፤ ጥጉን እኩል አንድ ጊዜ ቢያጥፉት 45፣ ሁለተኛ ቢያጥፉት 22 ተኩል ይሆናል፤ ያ ለዓይን የሚበቃ መለኪያ ነው። ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። ቢላዋውን በቀለበቱ ላይ ያስተኙትና ጀርባውን ከስለቱ ወርድ አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ያድርጉት፤ ወርዱ 4 ሴንቲሜትር ተኩል የሆነ ቢላዋ ጀርባው 1 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ይነሳል ማለት ነው። ይህ 20 ዲግሪ አካባቢ ያደርሳል።

ከቁጥሩ ይልቅ ዋናው ማዕዘኑን ሳይለውጡ መያዝ ነው። አሥር ጊዜ ሲስቡ አሥር የተለያየ ማዕዘን ከሆነ፣ ጫፉ ይበልጥ ክብ ይሆናል እንጂ አይሾልም። ጀማሪ የሆነ ሰው እጁን እስኪያለማምድ ድረስ ስለቱን በማርከር ቀለም ይቀባው። ጥቂት ከሳበ በኋላ ሲያየው፣ ቀለሙ ከጫፉ ላይ ሳይለቅ ከፍ ብሎ ከሆነ የለቀቀው ቢላዋው በጣም ተኝቷል፤ እጅግ ጠርዙ ላይ ብቻ ከለቀቀ ደግሞ በጣም ቆሟል። ቀለሙ ከተሳለው ገጽ ላይ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ይህን የመሰለ አስተማሪ መምህር እንኳ አይገኝም ብዬ አምናለሁ፤ እጅ የሠራውን ወዲያው ለዓይን ያሳያልና።

መቼ ማቆም እንዳለብን የሚነግረን ደግሞ በሌላው ጎን የሚወጣው ቀጭን ብረት ነው። አንዱን ጎን በበቂ ስንስለው ጫፉ እጅግ ይቀጥንና የተገፋው ብረት ወደ ሌላው ወገን ይገለበጣል። ዓይን በቀላሉ አያየውም፤ አውራ ጣትን ከቢላዋው ጀርባ ወደ ስለቱ አቅጣጫ፣ ስለቱን እየለቀቁ ወደ ውጭ ቀስ ብለው ሲያሳልፉት ግን ሻካራ ጠርዝ ይሰማል። ጣትን በስለቱ ርዝመት ማስኬድ ፈጽሞ አይገባም። ያ ሻካራ ጠርዝ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ ከተሰማ፣ ያ ጎን አልቋል፤ ካልተሰማ ግን መቶ ጊዜ የሳቡ ቢሆን እንኳ ጫፉ ላይ ገና አልደረሱምና ይቀጥሉ። ሁለተኛውንም ጎን እንዲሁ ካደረሱ በኋላ፣ እጅን እያላሉ አንድ ጊዜ በዚህ አንድ ጊዜ በዚያ ጎን እያፈራረቁ ጥቂት ይስቡ። የተገፋው ብረት እያነሰ ይሄዳል።

የቀረችውን ለማስወገድ የቆዳ ቀበቶ ይበቃል። የቀበቶውን የውስጥ ገጽ፣ ማለትም ያልተወለወለውን፣ ወደ ላይ አድርገው በጠረጴዛ ላይ ያንጥፉትና ቢላዋውን በጀርባው በኩል እየመሩ፣ ስለቱ ከኋላ እየተከተለ ይሳቡት። ስለቱ ወደፊት ከሄደ ቀበቶው ይቆረጣል። ፀጉር አስተካካዮች ምላጭን በቆዳ ላይ ሲመላልሱ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ቀበቶ የሌለው ሰው ካርቶን ወይም ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈ በርከት ያለ ጋዜጣ መጠቀም ይችላል። ካርቶኑ ላይ እንደ ምስር ያነሰች የጥርስ ሳሙና ቀብተው ቢያደርቁት የበለጠ ይሠራል፤ በብዙ የጥርስ ሳሙናዎች ውስጥ ያለው ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት ለብረትም ቀላል መወልወያ ነውና። ከዚህ በኋላ ቢላዋው በእጅ የተያዘ ወረቀት ሳይቀድና ሳይጎትት ከቆረጠ፣ ወይም የበሰለ ቲማቲም ሳይጫኑት ልጣጩን ከበጣ፣ ሥራው ተጠናቋል።

ኩባያው ለማይመልሰው፣ እጅግ ለዶለዶመ ወይም ለተሸረፈ ቢላዋ የብርጭቆ ወረቀት ይሻላል። ከሃርድዌር ሱቅ የሚገኘው ጥቁሩና ውሃ የሚችለው ዓይነት የሚሠራው ከሲሊከን ካርባይድ ነው፤ ይህም በሞስ መለኪያ ከ9 በላይ ስለሆነ ለየትኛውም ብረት አይሸነፍም። የመኪና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች በውሃ እየነከሩ የሚጠቀሙበት ስለሆነ ጋራዥ ያለው ዘመድ ቢጠየቅ ቁራጭ አያጣም። በጀርባው ላይ የታተመው ቁጥር ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል። ለተሸረፈ ስለት 220፣ ለመሳል 400 ወይም 600፣ ለማለስለስ 1000 ይበቃል። ወረቀቱን አርጥበው በመስታወት ቁራጭ ወይም በተገለበጠ ለስላሳ ትሪ ላይ ቢለጥፉት ጠፍጣፋ መሳያ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። እዚህም ላይ ስለቱ ከኋላ እየተከተለ ይሳባል፤ አለዚያ ወረቀቱን ይቀደዋል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቀምበት ሌላው ነገር የደጃፍ ሲሚንቶ ነው። በየግቢው በቢላዋ የተቦረቦረ የደረጃ ጠርዝ ይታያል። ሲሚንቶው ውስጥ ያለው አሸዋ ጠንካራ ስለሆነ በእርግጥ ይፍቃል፤ ነገር ግን የአሸዋው ቅንጣት መጠኑ የተዘበራረቀ በመሆኑ አንዱ ሲስለው ሌላው ይሸርፈዋል። ወፍጮ ድንጋይም ለቢላዋ አይመረጥም። የደጋው ወፍጮ አብዛኛውን ጊዜ ከባዛልት ወይም ከመሰሉ ሻካራ ድንጋይ የሚጠረብና እህል እንዲነክስ ተብሎ የሚወቀር ስለሆነ፣ ሸካራነቱ ለበርበሬ መልካም ቢሆንም ለቀጭን ስለት ጎጂ ነው። በገጠር ማጭድ የሚሳልበት ድንጋይ ግን ሌላ ነው፤ ገበሬው ከወንዝ ዳር የሚመርጠው ቅንጣቱ የደቀቀና ቀዳዳ የሌለውን ነው። እንደ ትግራዩ የአዲግራት አሸዋማ ድንጋይ ያለ፣ ከኳርትዝ ቅንጣት የተሠራ ድንጋይ በተለይ ተስማሚ ነው፤ ኳርትዝ በመለኪያው 7 ነውና። እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ በእጁ የገባ ሰው ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

የታጠፈ ስለትን ለማቃናት የሌላ ቢላዋ ጀርባ በቂ ነው። ሥጋ ቤቶች ከመቁረጣቸው በፊት ቢላዋቸውን በሞረድ የሚያመላልሱት ለዚህ ነው፤ ለዚያ ቅጽበት ሥራቸው ከመሳል ይልቅ ማቃናት ነው። በየቤቱ ሁለት ቢላዋ ተይዞ ስለት በስለት ሲፋጭ ግን ሁለቱም ይጎዳሉ። አንደኛው በጀርባው ይቀመጥና ሌላው በዚያው በ20 ዲግሪ ማዕዘን አምስት ስድስት ጊዜ በየጎኑ በቀስታ ይሳብበት። የመኪና የጎን መስታወት የላይኛው ጠርዝም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ መንገድ ላይ ፍራፍሬ ለመቁረጥ ለሚፈልግ ሰው ካልሆነ ግን ከወጥ ቤት ወጥቶ መሄድ አያስፈልግም።

ስለ ተሽከርካሪ መሳያ የምለው አለኝ። ቢላ ሞራጆቹን አከብራለሁ፤ በእጃቸው ብዙ ሙያ አለ፤ በእግር እየተረገጠ ቀስ ብሎ የሚዞረውም መሳያ ብዙ አያሞቅም። የምፈራው በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረውን ደረቅ ግራይንደር ነው። ቢላዋ ጥንካሬውን ያገኘው በሥርዓት በተሰጠው ሙቀት ነው፤ ቀጭኑ ጫፍ ያለ ውሃ ተፈትጎ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በተለይ የካርቦን ብረት፣ ማለትም የሚዝገው ዓይነት፣ ወደ ሰማያዊነት ይለወጥና ይለሰልሳል። ያን ዕለት ምላጭ የመሰለው ቢላዋ በሳምንቱ የሚደነዘው ለዚህ ነው። ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሯቸው ጠንካራ ቢላዎች በዚህ ሲበላሹ ያሳዝናል፤ እነዚህ ቢላዎች በኩባያም በድንጋይም እጅግ በቀላሉ የሚሳሉ፣ ስለታቸውም የሚቆይ ነውና። ወደ ግራይንደር መውሰድ ግድ ከሆነ፣ ሠራተኛው ስለቱን በየጊዜው ውሃ ውስጥ እንዲነክር መጠየቅ ነውር የለበትም።

በቤት ዕቃ የማይሳሉም አሉ። እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላዋ ጥርሶቹ በኩባያ ቢታሹ ይጠፋሉ፤ ጥርስ የሌለውን ጠፍጣፋ ጎኑን ብቻ አንድ ሁለት ጊዜ አስተኝቶ ማለፍ ይቻላል። ነጩ የሴራሚክ ቢላዋ ከኩባያው ስለሚጠነክር የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል። በሮክዌል 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑት የጃፓን ቢላዎች ደግሞ በሌላ ቢላዋ ጀርባ መታሸት የለባቸውም፤ እነሱ ከመታጠፍ ይልቅ መሸረፍ ይቀናቸዋል። መቀስ የሚሳለው በውጭ ባለው ተዳፋት ገጽ ብቻ ነው፤ ሁለቱ የሚተሻሹበት የውስጥ ገጽ ከተፋቀ ጨርቅ መቆንጠጥ ይጀምራል።

የተሳለ ቢላዋ በብርጭቆ፣ በእብነ በረድ ወይም በሳህን ላይ ሲከተፍበት በአንድ ምሽት ወደ ደነዝነቱ ይመለሳል። መክተፊያው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን። የተከተፈውን ሽንኩርት ወደ ድስት ሲያስገቡ መክተፊያውን በስለቱ መጥረግ ስለሚያጥፈው፣ ቢላዋውን ገልብጦ በጀርባው መጥረግ ይሻላል። ከማንኪያና ከሹካ ጋር መሳቢያ ውስጥ እንዳይጋጭ ስለቱ በታጠፈ ካርቶን ይሸፈን። የካርቦን ብረት የሆነው ወዲያው ታጥቦ ይደርቅ፤ ለጥቂት ቀን የማይነካ ከሆነም ዘይት በነካ ጨርቅ ይታበስ። ይህን ያህል ከተጠነቀቁለት በየሳምንቱ በሌላ ቢላዋ ጀርባ ማቃናት፣ በወር አንድ ጊዜ ያህል ደግሞ በኩባያው ላይ መሳል ለተለመደ ቤተሰብ ይበቃል። ከተሳለ በኋላ ቢላዋው በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይቆረጥበት፤ የብረቱ ብናኝ በዓይን ባይታይም ስለቱ ላይ ይቀራል። ኩባያው ላይ የሚቀረው ግራጫ መስመር ግን በሻካራ ስፖንጅ ሲፈተግ ይለቅቃል፤ ቀለበቱ በብረት ሲደፈን መፋቁ ስለሚቀንስ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ታጥቦ መቀመጥ አለበት።